ብርሃን ሰብሳቢውን ብርሃን ወደሚያንስበት ላኩት

ለጠፈር ድርጅቶች የቴክኖሎጂ በጀት ወሳኞች፣ ለመንኮራኩር ንድፍ ኃላፊዎች፣ የመንኮራኩርና የሳተላይት የፀሐይ ክንፍ ለሚሠሩ ኩባንያዎች

የተከበራችሁ፣

ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ወደ ጁፒተርና ከዚያ ወዲያ ከምትልኳቸው መንኮራኩሮች በአንዱ ላይ፣ ከተለመደው ሶላር ፓኔል ጎን፣ ቀላል ክብደት ያለው ብርሃን ሰብሳቢ ግጠሙ። የመንኮራኩሩ ሕይወት በእሱ ላይ ይንጠልጠል አላልኩም። ፓኔሎቹ ከተደረደሩበት ክንፍ ላይ አንዲት ቁራጭ ትበቃለች። ግን ዓመታት ትሥራ። በየጊዜው ትለካ። የተለካውም ደግ ሆነ ክፉ፣ ለሁሉም ይውጣ።

ጉዳዩን በቅርብ ለማይከታተል አንባቢ ትንሽ ላብራራ። ብርሃን ሰብሳቢ ወይም ኮንሰንትሬተር የሚባለው፣ ሰፊ ቦታ ላይ የሚያርፈውን የፀሐይ ብርሃን ወደ ጠባብ ሶላር ሴል የሚልክ ሌንስ ወይም መስታወት ነው። በማጉያ መነጽር ወረቀት ያቃጠለ ልጅ አሠራሩን ያውቀዋል። ሌንሱ ብርሃን አይፈጥርም። አንድ ካሬ ሜትር ላይ ካረፈው ብርሃን በላይ ከዚያ ካሬ ሜትር ማንም አያወጣም። ጥቅሙ ሌላ ጋ ነው። ጥያቄው ያንን ካሬ ሜትር በምን እንሸፍነው የሚል ነው።

በተለመደው ፓኔል መልሱ በሴል ነው። ሴሎቹ ደግሞ ውድ ናቸው። ለጠፈር የሚሠራ ሴል የተለያዩ ንጥረ ነገሮች በስስ በስሱ ተደራርበው የሚወጣ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ከጨረር የሚከላከል መስታወት ይለጠፋል። ከሥሩ ሽቦ አለ፣ ከሽቦው ሥር ሁሉንም የሚሸከም ጠንካራ ገበታ አለ። ብርሃኑን ስምንት እጥፍ የሚሰበስብ ሌንስ ስንጠቀም ግን ሴል የሚያስፈልገው ለስፋቱ አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። የቀረውን ስስ ሲሊኮን ወይም የሚያብረቀርቅ ስስ ፊልም ይሸፍነዋል። ክብደቱም ዋጋውም የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ርቀቱ እንምጣ፤ የኔ ጭንቀት የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ምድር አካባቢ፣ ከአየር በላይ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,361 ዋት ገደማ የፀሐይ ብርሃን ያርፋል። ማርስ ጋ ስንደርስ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጁፒተር ጋ 50 ዋት ብቻ ይቀራል። ሳተርን ጋ 15 ዋት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ የለም።

ጁኖን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2011 መጥቆ በ2016 ጁፒተር የደረሰ መንኮራኩር ነው። ሦስት ክንፎች አሉት። እያንዳንዳቸው ወደ ዘጠኝ ሜትር ይረዝማሉ። በላያቸው ከ18 ሺህ በላይ ሴሎች ተደርድረዋል። ክንፎቹ ብቻቸውን ወደ 340 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። ይህ ሁሉ ምድር አካባቢ ቢሆን እስከ 14 ኪሎ ዋት ያመነጭ ነበር። ጁፒተር ጋ የተገኘው ግን ወደ 500 ዋት ነው። በ500 ዋት ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መሣሪያ የሚሠራው፣ ያ ሁሉ መረጃ ወደ ምድር የሚላከው። ይህን ያሳኩትን ባለሙያዎች ከልቤ አደንቃለሁ። ነገር ግን ያንኑ ክንፍ ሳተርን ጋ ብንወስደው በስሌት የምናገኘው 150 ዋት ቢሆን ነው። በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ለምን ያንሳል ካላችሁ፣ ብርሃን ሲሳሳና ብርድ ሲበረታ የሴሎች ጠባይ ይለወጣል። በየትኛውም ሴል ውስጥ ሾልካ የምትጠፋ ጥቂት ኤሌክትሪክ አለች። ምድር አካባቢ ማንም ልብ አይላትም። ምርቱ ራሱ ጥቂት በሆነበት በሩቁ ጠፈር ግን ያቺው ጥቂት ብዙ ትሆናለች። ስለዚህ ሠሪዎቹ ሴሎችን በብርድና በደካማ ብርሃን እየፈተኑ፣ ደህናውን ከደካማው ለመለየት ይገደዳሉ። ብርሃን ሰብሳቢ ይህንን ጣጣ ከሥሩ ያቃልለዋል። ሳተርን ጋ ያለ ሴል ስምንት እጥፍ ብርሃን ቢደርሰው፣ የሚያየው 120 ዋት በካሬ ሜትር ነው። ከሌንሱ የሚባክነውን ቀንሰን እንኳ፣ ሴሉ በማርስና በጁፒተር መካከል ያለ ያህል ይሠራል። ሳተርን ላይ ሆኖ ማለት ነው!

የጨረሩም ነገር አለ። ጁፒተር ዙሪያ ያለው ጨረር ሴሎችን ዓመት በዓመት ያደክማል። መከላከያው ወፈር ያለ መስታወት ነው። እንደ ጁኖ ባለ ሰፊ ክንፍ ሁሉ ላይ ወፍራም መስታወት ማልበስ ክብደቱ አይቻልም። ሴሎቹ ከስፋቱ አንድ ስምንተኛውን ብቻ ሲይዙ ግን ወፍራሙን መስታወት ለእነሱ ብቻ ማልበስ ይቻላል።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም፤ ወረቀት ላይ የቀረም አይደለም። ተሞክሯል። እንዲያውም ሠርቷል።

የመጀመሪያው ትልቅ ሙከራ ዕድለኛ አልነበረም። ስካርሌት የሚል ስም የተሰጠው የሌንስ ክንፍ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 በሚቲዮር ሳተላይት ላይ ተጭኖ ነበር። ሮኬቱ ከተነሣ ደቂቃ ሳይሞላው ጠፋ። ክንፉ ፀሐይ ሳያይ ቀረ። ብዙ ፕሮጀክት በእንዲህ ያለ ቀን ይሞታል። ይሄኛው ግን አልሞተም። ሠሪዎቹ ተሻሽሎ የተሠራ ሁለተኛ ይዘው ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 24 ቀን 1998 ዲፕ ስፔስ 1 የተባለው የናሳ መንኮራኩር ይህንኑ ክንፍ ይዞ መጠቀ።

ይህን መንኮራኩር ጠጋ ብላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። በሁለቱ ክንፎቹ ላይ 720 ሌንሶች ነበሩ። ሌንሶቹ እንደ ቅስት የተጎበጡ፣ በአንድ በኩል በጥቃቅን ጥርሶች የተቀረጹ ናቸው። ፍሬስኔል ሌንስ የሚባለው ዓይነት ነው። ወፍራም ሌንስ የሚሠራውን ሥራ ስስ ሆኖ ይሠራል። እያንዳንዱ ሌንስ ከሥሩ ባለው ቀጭን የሴል መስመር ላይ ብርሃኑን ያሳርፋል። ክንፉ 2.5 ኪሎ ዋት ያመነጭ ነበር፤ አብዛኛውን የሚበላው የመንኮራኩሩ አዮን ሞተር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ኃይል የሚገፋው ሞተር ነበር። ያ ሞተር በተልዕኮው ዘመን ከ16 ሺህ ሰዓት በላይ ሠርቷል። ለዚያ ሁሉ ሰዓት ያበላው በሌንስ የተሰበሰበ ብርሃን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1999 የመንኮራኩሩ ኮከብ መከታተያ መሣሪያ ተበላሸ። መንኮራኩሩ የቱ ጋ እንደዞረ የሚያውቅበት ዋና ዓይኑ ነበር። ብርሃን ሰብሳቢን የሚጠራጠሩ ሰዎች የሚፈሩት ይህንኑ ነው። ሌንስ አቅጣጫ ይፈልጋል፤ አቅጣጫ ከጠፋ ኃይል ይጠፋል። ምን ሆነ? መሐንዲሶቹ የሳይንስ ካሜራውን እንደ ኮከብ መከታተያ የሚጠቀም አዲስ ሶፍትዌር ጽፈው ከምድር ላኩ። መንኮራኩሩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ቦሬሊ የተባለችውን ጅራታም ኮከብ በ2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት አልፎ ፎቶ አንስቷታል። ሌንሶቹ እስከዚያ ድረስ አብረውት ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ቴክኖሎጂው በየመንኮራኩሩ ላይ ይታያል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። አልሆነም። በዚያው ሰሞን በሌላ ቦታ ሌላ ነገር እየሆነ ነበር።

ከሂዩዝ ወደ ቦይንግ የተላለፈው 702 የተባለ የመገናኛ ሳተላይት ዓይነት፣ በክንፎቹ ግራና ቀኝ ዘንበል ያሉ አንጸባራቂዎች ነበሩት። ብርሃኑን ከጎን ወደ ሴሎቹ የሚመልሱ ናቸው። የመጀመሪያው ጋላክሲ 11 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1999 መጠቀ። ብዙም ሳይቆይ የኃይሉ መጠን ከተጠበቀው በላይ እየወረደ መሆኑ ታወቀ። ከሳተላይቱ ቁሶች የሚወጣ ተን ብርሃን በሚያልፍባቸውና በሚነጥርባቸው ገጾች ላይ እየተጋገረ ጉም አልብሷቸው ነበር። የሳተላይቶቹ ባለቤቶች ወደ ኢንሹራንስ ሄዱ። ጉዳዩ የገንዘብ ጉዳይ ሆነ። ኩባንያው በኋላ የሠራቸውን ያለ አንጸባራቂ፣ በተለመደው ጠፍጣፋ ፓኔል ሠራ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚያ ወዲህ ኮንሰንትሬተር የሚል ቃል በብዙ የስብሰባ ጠረጴዛ ላይ ጥርጣሬ ይዞ የሚመጣ ሆነ። ፍርሃቱን እረዳለሁ። በአንድ የመገናኛ ሳተላይት ላይ ያለው ገንዘብ ቀላል አይደለም፣ ገዢውም ለአሥራ አምስት ዓመት ነው የሚገዛው። ፍርዱ ግን ልክ አይመስለኝም። ያጠፋው ተኑ ነው፤ ብርሃን የመሰብሰቡ ሐሳብ አይደለም። ተን ደግሞ መድኃኒት አለው። ቁሱን መምረጥ፣ ከመምጠቁ በፊት አየሩ በወጣለት ክፍል ውስጥ በሙቀት ማብሰልና ተኑን አስቀድሞ ማስወጣት፣ መተንፈሻውን ከሌንሱ ራቅ አድርጎ ማዞር። ለቴሌስኮፕ መስታወቶች በየቀኑ የምታደርጉት ነገር ነው።

ከዚህም በላይ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር አለ። ብርሃን ሰብሳቢው የተፈረደበት ብርሃን በተትረፈረፈበት ቦታ ነው። ምድር አካባቢ ያለ ሴል ብርሃን ሲጨመርለት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይደክማል። እዚያ የተለመደው ፓኔል ይበቃል፤ እኔም አልከራከርም። ሩቁ ጠፈር ግን ሌላ ነው። እዚያ ሙቀት ጠላት መሆኑ ይቀራል። እዚያ እያንዳንዱ ዋት ይቆጠራል።

የአቅጣጫውም ሥጋት እየራቅን በሄድን ቁጥር ይለዝባል። ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ሲነሣ ስለማልሰማ ረዘም አድርጌ ልበለው። ምድር አካባቢ ያለ መንኮራኩር አንቴናውን ወደ አንድ ጎን፣ ክንፉን ወደ ሌላ ጎን፣ ካሜራውን ወደ ሦስተኛ ጎን ማዞር አለበት። ሳተርን ጋ ሆኖ ወደ ኋላ ለሚያይ ግን ምድር ከፀሐይ ከ6 ዲግሪ ብዙም አትርቅም። ከጁፒተር ሲታይም 11 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንቴናውን ወደ ምድር ያቀና መንኮራኩር ክንፉንም ከሞላ ጎደል ወደ ፀሐይ አቅንቷል። የቀረችውን ጥቂት ዲግሪ ክንፉን የሚያዞር ትንሽ ሞተር ይጨርሳታል። የስካርሌት ዓይነቱ ረዣዥም ሌንስ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ጥንቃቄ የሚጠይቀው፤ በሌላው አቅጣጫ ብዙ ይታገሣል። መቶ እጥፍና ሁለት መቶ እጥፍ የሚሰበስብ ነገር አምጡ ብላችሁ ብትነሡ ሥጋቱ ትክክል ይሆናል። ስምንት እጥፍ ግን ልከኛ ቁጥር ነው። እኔ ብጠየቅ በዚህ ዙሪያ እንዲቆይ እመክራለሁ።

ከዲፕ ስፔስ 1 ወዲህ የተደረገ ነገር የለም ብዬ ልከሳችሁም አልፈልግም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የመጠቀው ዳርት የተባለው የናሳ መንኮራኩር ተጠቅልለው በሄዱ ክንፎቹ ላይ የሙከራ ቁራጭ ይዞ ነበር። አዳዲስ ሴሎችና አንጸባራቂ ሰብሳቢዎች ነበሩበት። ወደፊት አሁን ካለው ክንፍ እስከ ሦስት እጥፍ ኃይል ሊሰጥ ይችላል ተብሎለት ነበር። እኔ ዜናውን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ዳርት ግን የተላከው አንድ አነስተኛ አስትሮይድን እንዲገጭ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 26 ቀን 2022 ገጭቶ ሥራውን ጨረሰ፤ የሙከራ ቁራጯም አብራው አለቀች። አሥር ወር! ተን ቀስ እያለ ሲጋገር፣ ሲሊኮን በአልትራ ቫዮሌት ጨረር ቀስ እያለ ሲጠይም፣ በአሥር ወር ምን ያህል ይታያል? ዲፕ ስፔስ 1ም ቢሆን የሠራው ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱም ወደ ጁፒተር አልቀረቡም። ጁፒተር ለመድረስ ብቻ አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል።

ፀሐይ በማትበቃበት ቦታ ሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጥ ፕሉቶኒየም አለን የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለፕሉቶኒየም ክብር አለኝ፤ ከፕላኔቶቹ ሁሉ አልፈው የሄዱት ቮያጀር መንኮራኩሮች እስከዛሬ ድምፃቸው የሚሰማው በእሱ ነው። ግን በኪሎ የሚገዛ ነገር አይደለም። ማርስ ላይ የሚዞሩት ኪዩሪዮሲቲና ፐርሲቪራንስ የያዙት የኒውክሌር ባትሪ ወደ 45 ኪሎ ግራም ይመዝናል። በውስጡ 4.8 ኪሎ ግራም የፕሉቶኒየም ኦክሳይድ አለ፤ ሲጀምር የሚሰጠው 110 ዋት ያህል ነው። አሜሪካ ይህን ፕሉቶኒየም ማምረት ለአሥርተ ዓመታት አቋርጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ስትመለስበት የመጀመሪያው ምርት 50 ግራም ነበር። እንዲህ ያለ ብርቅ ነገር ፀሐይ ጨርሶ ለማትረዳበት ቦታ ቢቀመጥ ይሻላል። ከኔፕቱን ወዲያ ለሚሄድ፣ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ለሚወርድ። ሳተርን ዙሪያ ለምትላክ መለስተኛ መንኮራኩር ግን ሌላ አማራጭ ሊኖራት ይገባል። አለበለዚያ ወረፋው መቼም አያልቅም።

ስለ መዘርጋቱም አንድ ልበል፣ ክንፍ በትልቁ ሲታሰብ ሁሉም የሚፈራው ይህንን ነውና። እ.ኤ.አ. በ1996 ከኢንደቨር መንኮራኩር የተለቀቀ በአየር የሚነፋ አንቴና 14 ሜትር ስፋት ያለው ገጽ ጠፈር ላይ ዘርግቶ አሳይቷል። አነፋፉ እንደታሰበው በሥርዓት አልሄደም፤ የመጨረሻው ቅርፅ ግን ተገኝቷል። ተጠቅልሎ የሚሄደው የሮዛ ክንፍ ዓይነትም ዛሬ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ ሥራ ላይ ነው። ስስና ቀላል ነገር ጠፈር ላይ መዘርጋት ተችሏል።

ሉሲ የተባለችውን የናሳ መንኮራኩር ታሪክ ደግሞ ከዚህ ጋር አስታውሳችኋለሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ስትመጥቅ ከሁለቱ ክብ ክንፎቿ አንዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ አልቆለፈም። ናሳ አልደበቀውም። ገመዱ የት እንደላላ፣ ምን እንደሚሞከር፣ ምን ያህል ዲግሪ እንደተከፈተ፣ በየወቅቱ ለሕዝብ ይነገር ነበር። በወራት ሥራ ክንፉ ከ360 ዲግሪ ከ350 በላይ ተከፍቶ፣ መንኮራኩሯ ጉዞዋን ቀጠለች። ቀጣዩን ክብ ክንፍ የሚሠራ መሐንዲስ ከዚህ ብዙ ይማራል። ለብርሃን ሰብሳቢ የምለምነው ይህን የመሰለ ግልጽነት ነው።

ስለዚህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስና ዘርዘር ላድርገው። የድርጅቶቹ ኃላፊዎች፣ ከአሁን በኋላ ወደ ውጪኞቹ ፕላኔቶች ለሚሄድ ተልዕኮ ጥሪ ስታወጡ፣ የሙከራ ቁራጭ ለሚይዝ ቡድን ክብደቱንና ወጪውን እንደ ጥፋት አትቁጠሩበት። የጥሪው ሕግ አደጋን የሚቀጣ ብቻ ከሆነ ማንም መሐንዲስ አዲስ ነገር ይዞ አይመጣም፤ ይህ የሰው ጠባይ ነው። ቁራጯ ሌንስ ያለውንና የሌለውን ሴል ጎን ለጎን ትያዝ። ከዚያ ውጭ ንጽጽሩ አያስተማምንም። ሙቀት መለኪያ ይኑራት። ተን መኖሩን የምትለይ አነስተኛ መለኪያም ብትጨመርላት፣ ያለፈው ጥርጣሬ አንድ ጊዜ ይቋጫል።

ኩባንያዎች፣ እናንተ ጋ ደግሞ ሃያ ዓመት ያለፋቸው መረጃዎች አሉ። እነዚያ ሳተላይቶች በየወሩ ምን ያህል ኃይል እንዳጡ፣ የትኛው ቁስ የቱን ገጽ እንዳበላሸ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የኢንሹራንስ ክርክሩ ካለፈ ዘመን ሆኖታል። መዝገቡን ክፈቱት። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስስ ሌንስ የሚፈትን ወጣት ያንን ሰንጠረዥ ቢያገኝ፣ እናንተ በከፈላችሁት ዋጋ እሱ ሁለተኛ አይከፍልም።

መለኪያው ሥራ ከጀመረ በኋላ ቁጥሩን በየወሩ አውጡት። መንኮራኩሩ ከፀሐይ ምን ያህል እንደራቀ፣ ሌንስ ያለው ሴል ስንት ዋት እንደሰጠ፣ የሌለው ስንት እንደሰጠ። ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። ጁፒተር እስኪደርስ በየመንገዱ እንከታተለዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጠፈር ኃይልን ጉዳይ በቅርብ የምከታተል ጸሐፊያችሁ